ለኤሌክትሪክ ብስክሌት በቤት የሚሠራ ተጨማሪ ባትሪ፦ ጥቅሙ ምንድን ነው? አደጋውስ የት ላይ ነው?

(ከዳላስ ፎርት ወርዝ ለሳተላይት ቴሌቪዥን ተመልካቾች ከቀረበ ሐተታ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

ዛሬ ከወትሮው የፖለቲካ ሐተታችን ወጣ ብለን ስለ አንድ የዕለት ተዕለት ዕቃ እንነጋገራለን። ዕቃው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው፤ በተለይ ደግሞ ባትሪው። እዚህ ዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ ምግብ በማድረስ ሥራ የተሰማሩ ወጣቶች፣ መኪና ገና ያልገዙ አዲስ መጤዎች፣ የመኪና ኢንሹራንስ የከበዳቸው ወገኖች ሳይቀሩ ይጠቀሙበታል። የሚያነሱት ጥያቄም አንድ ነው፤ «ባትሪው ቶሎ ያልቅብኛል፤ ሁለተኛ ባትሪ ራሴ ሠርቼ ብጨምርበትስ?» የሚል።

መልሱን ከመነሻው እንናገር። ይቻላል። ባትሪ መገጣጠም ምትሃት አይደለም፤ ሂሳቡን የሚያውቅና እጁ የተገራ ሰው ይሠራዋል። ብዙ ሰው የሚፈራው ብየዳውን ነው። ከብየዳው ይበልጥ ሊያሳስቡን የሚገቡ ግን ሦስት ነገሮች አሉ፤ አንደኛ ሴሎቹ ከየት እንደመጡ፣ ሁለተኛ አዲሱ ባትሪ ከነባሩ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ ሦስተኛ ሌሊት የት ተሰክቶ እንደሚያድር። እነዚህን ሦስቱን ያልመለሰ ሰው ብየዳውን ባይጀምረው ይሻላል።

በመጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። ባትሪ ውስጥ ያለው ጉልበት የሚለካው በዋት-ሰዓት ነው። ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ ማባዛት ነው። በብዛት ከሚሸጡት መካከል አንዱ 48 ቮልት፣ 10 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 480 ዋት-ሰዓት ይሆናል። አንድ ሰው ፔዳሉን በመጠኑ እየረገጠ ሲሄድ በአንድ ማይል 20 ዋት-ሰዓት ያህል ይበላል ብለን እንነሳ። ስለዚህ 480ው ለ24 ማይል ይበቃል ማለት ነው። አሁን ከጋርላንድ ተነስቶ ዳላስ መሃል ከተማ ደርሶ የሚመለስ ሠራተኛ አስቡ። መንገዱ በደርሶ መልስ ወደ 30 ማይል ነው፤ 600 ዋት-ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ 120 ይጎድለዋል። ነፋሱ ከፊት ሲሆን፣ ጭነት ሲኖር፣ ባትሪው ሲያረጅ ደግሞ ጉድለቱ ይሰፋል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህን 120 ዋት-ሰዓት ለመሙላት ሁልጊዜ ባትሪ መሥራት አያስፈልግም። አየር የሚፈጥረው ተቃውሞ ፍጥነት ሲጨምር በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይጨምርም፤ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚጨምረው። በሰዓት 28 ማይል ይበር የነበረ ሰው ወደ 20 ዝቅ ቢል አየርን ለመግፋት በእያንዳንዱ ማይል የሚያወጣው ጉልበት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጎማውን በተገቢው ልክ መንፋትም ያግዛል። የዳርት ሰማያዊ መስመር ባቡር ጋርላንድን ከዳላስ መሃል ከተማ ጋር ያገናኛል፤ ብስክሌት ይዞ መሳፈርን በተመለከተ ያለውን ደንብ አይቶ መንገዱን ግማሽ በባቡር ግማሽ በብስክሌት ማድረግ ይቻላል። ከሁሉም የሚቀለው ደግሞ ሁለተኛ ቻርጀር ገዝቶ የሥራ ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ አሠሪው ከፈቀደ ማለት ነው። ባለ 2 አምፔር ተራ ቻርጀር በአራት ሰዓት 8 አምፔር-ሰዓት ያህል ይመልሳል። ሠራተኛው ሥራውን ሲጨርስ ባትሪውም ሞልቶ ይጠብቀዋል። ባትሪ የሚሠራው ሰው እነዚህን ሁሉ ሞክሮ ያልበቃው፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውለው ዓይነት ሰው ነው።

ለዚህ ሰው የባትሪውን አሠራር እንግለጽ። የብስክሌት ባትሪ አንድ ዕቃ ይምሰል እንጂ ውስጡ የትናንሽ ሴሎች ማኅበር ነው። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ሴል 18650 ይባላል፤ ቁጥሩ መጠኑን ይናገራል፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። አንዱ ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ይሰጣል፤ ሞልቶ 4.2 ይደርሳል። 13ቱ በተከታታይ፣ ማለትም የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር ሲያያዝ 46.8 ቮልት ይሆናል፤ «48 ቮልት» ብለን የምንጠራው ይህንኑ ነው። ሲሞላ 54.6 ይደርሳል። ጎን ለጎን፣ ማለትም ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ጋር ሲያያዝ ደግሞ ቮልቱ ባለበት ሆኖ አምፔር-ሰዓቱ ይጨምራል። ባለ 3 አምፔር-ሰዓት ሴሎችን በአራት በአራት አስተባብረን 13 ረድፍ ብንሠራ 52 ሴሎች፣ 12 አምፔር-ሰዓት፣ ወደ 560 ዋት-ሰዓት እናገኛለን። የሴሎቹ ክብደት ብቻ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ከነባሩ 480 ጋር ሲደመር ከ1,000 ዋት-ሰዓት በላይ ይሆናል፤ በያዝነው ሂሳብ 50 ማይል ያስኬዳል። ሰው የሚጓጓው ለዚህ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጉዳይ እንምጣ፤ ሴሎቹ ከየት መጡ? በኢንተርኔት ገበያ ላይ 9,900 ሚሊአምፔር-ሰዓት ይይዛል የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት 18650 ይሸጣል። ውሸት ነው። በዓለም ላይ አሉ ከሚባሉት የዚህ መጠን ሴሎች ጥሩው 3,500 አካባቢ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር ራሱ የሐሰት ምስክር ነው። ሁለተኛው ፈተና ከአሮጌ ላፕቶፕና ከተጣለ ባትሪ ተነቅሎ የሚሸጠው ነው። ርካሽ ነው፤ ግን አንዱ ሴል ደክሞ፣ ሌላው ብርቱ ሆኖ በአንድ ረድፍ ሲሰለፉ ደካማው ቀድሞ ይሞላል፣ ቀድሞም ይራቆታል፤ በመጨረሻ የሚጎዳውና የሚግለው እሱ ነው። የኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ ከአሮጌ ባትሪ በተነቀሉ ሴሎች የሊቲየም ባትሪ መገጣጠምንና መሸጥን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው በ2023 በከተማዋ ከሊቲየም ባትሪ ጋር የተያያዙ 268 ቃጠሎዎች ደርሰው 18 ሰዎች ሞተዋል፣ 150 ቆስለዋል። በሰኔ ወር ቻይናታውን ውስጥ ከአንድ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሱቅ የተነሳው እሳት ብቻውን የአራት ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ከሞቱት መካከል ከሱቁ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ ከብስክሌት ጋር ምንም ጉዳይ ያልነበራቸው ሰዎች ነበሩበት። ስለዚህ ሴሉ አዲስ፣ ከታወቀ ሻጭ የተገዛ፣ ሁሉም አንድ ዓይነትና አንድ ጊዜ የተመረተ ይሁን። እያንዳንዱ በቴስተር ይለካ፤ ከጓደኞቹ የተለየ ቮልት ያሳየው ይውጣ።

ግጥሚያው ላይ ጥቂት እንቆይ። ሴልን በሶልደር መበየድ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ ይጎዳዋል፤ በቅጽበት ነጥብ እያደረገ የሚበይድ ማሽን አለ፤ የኒኬሉ ቅጠል በእሱ ይያያዛል። የሴሉ ግድግዳ በሙሉ ኔጌቲቭ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ፖዘቲቩ ከላይ ያለችው ትንሽ ቆብ ብቻ ናት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የሚሊሜትሮች ጉዳይ ነው። ስለዚህ በየሴሉ አናት ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ የወረቀት ቀለበት ይደረጋል። ሠራተኛው ቀለበቱን፣ ሰዓቱን፣ የአንገት ሐብሉን አውልቆ ይሠራል፤ የመፍቻው እጀታም በፕላስቲክ የተሸፈነ ይሁን።

ከዚያ የባትሪ ጠባቂው ሰሌዳ ይመጣል፤ ባለሙያዎች ቢ.ኤም.ኤስ. ይሉታል። ሴሎቹ ከልክ በላይ እንዳይሞሉ፣ ከልክ በታች እንዳይራቆቱ፣ ከአቅም በላይ እንዳይሳብባቸው የሚቆጣጠር፣ በየረድፉ ያለውን ቮልት የሚያስተካክል ዳኛ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩ ቺፖችን ከሚያመርቱት ኩባንያዎች አንዱ እዚሁ ዳላስ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነው፤ ጃክ ኪልቢ እ.ኤ.አ. በ1958 የመጀመሪያውን የተዋሐደ ሰርኪዩት ያሳየበት ኩባንያ ማለት ነው። ለ13 ረድፍ ባትሪ ከሰሌዳው የሚወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች 14 ናቸው። ከመሰካታቸው በፊት ከመጀመሪያው ሽቦ ተነስቶ ቀጣዮቹን በቴስተር አንድ በአንድ መለካት ግዴታ ነው፤ ቮልቱ በየደረጃው በአንድ ሴል ልክ ከፍ እያለ መሄድ አለበት። አንዱ ከዘለለ ወይም ከተገለበጠ ተሳስቶ ተበይዷል ማለት ነው፤ ሰሌዳው ይቃጠላል።

ፊውዝ፣ አገር ቤት ቫልቮላ የምንለው፣ እንዳይረሳ። ሰሌዳው አለ ብሎ ፊውዝ መተው ዘበኛ ቀጥሮ በሩን ሳይዘጉ እንደመተኛት ነው። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚገዛው ፊውዝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለ32 ቮልት የተሠራ ነው፤ ከ50 በላይ ቮልት ባለበት ቢበጠስም እሳቱ በመካከሉ ሊዘል ይችላል። ቢያንስ 60 ቮልት ቀጥተኛ ከረንት የሚችል መሆኑ ተጽፎበት ይገዛ።

የሽቦ አቀማመጥ ተራ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ከራሳችን ታሪክ አንድ ነገር እናስታውሰው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 በለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ፣ በንግሥተ ሳባ ስም የተሰየመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 መንገደኛ ሳይኖርበት፣ ሞተሩ ጠፍቶ በቆመበት በጭራው በኩል ከላይ እሳት ተነሳበት። የብሪታንያ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች ምንጩን አግኙት፤ አውሮፕላኑ አደጋ ቢደርስበት ያለበትን ቦታ የሚጠቁም አነስተኛ የሬዲዮ መሣሪያ ነበር። ከሌላ አምራች የመጣ ዕቃ ነው። ውስጡ አምስት የሊቲየም ሴሎች ነበሩት። በመርማሪዎቹ ግምት፣ ሁለት ሽቦዎች ተጠላልፈው በባትሪው ክዳን ሥር ተጨፍልቀው ኖሮ ኮንታክት ፈጠሩ፤ አንዱ ሴል ጋለ፤ ሙቀቱ ወደ ጎረቤቱ፣ ከጎረቤቱም ወደ ቀጣዩ ተላለፈ፤ አምስቱም ተቃጠሉ። ያ ባትሪ ቻርጅ የማይደረግ ሌላ ዓይነት ሊቲየም መሆኑ እውነት ነው፤ የሙቀቱ ሰንሰለት ግን አንድ ነው። በፋብሪካ ተሠርቶ፣ ተፈትሾ፣ አውሮፕላን ላይ የተገጠመ ዕቃ በተጨፈለቀ ሽቦ ምክንያት እንዲህ ከሆነ፣ በጋራዥ የተሠራና በዳላስ ጉድጓዳም መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ የሚውል 52 ሴል ያለው ሳጥን ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ፍርዱን ለእናንተ እንተዋለን።

ሁለተኛው ጉዳይ ግንኙነቱ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቱቦ የተያያዙ ሁለት በርሜሎችን አስቡ። አንዱ ሙሉ፣ ሌላው ባዶ ሆኖ ቱቦው በድንገት ቢከፈት ውሃው ወደ ባዶው ይንዶለዶላል። ባትሪም እንደዚሁ ነው። አዲሱ ሞልቶ 54.6 ቮልት፣ ነባሩ ደክሞ 44 ቮልት ላይ እያሉ ጎን ለጎን ቢገናኙ ልዩነቱ ከ10 ቮልት በላይ ነው። የሁለቱ ባትሪና የሽቦው ተቃውሞ ተደምሮ 0.2 ኦም ቢሆን 50 አምፔር ያህል ካንዱ ወደ ሌላው ይሮጣል። ባለ 2 አምፔር ቻርጀር የለመደ ባትሪ 50 ሲመጣበት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ስለዚህ ከሁሉም የሚሻለው መንገድ ማቀያየር ነው። የመጀመሪያው ሲያልቅ መቆም፣ መንቀል፣ ሁለተኛውን መሰካት። ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፤ ሁለቱ ባትሪዎች ፈጽሞ አይገናኙም። ሁለቱንም በአንድ ላይ ማስኬድ የፈለገ ሰው ደግሞ ከረንቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ፣ ለሁለት ባትሪ ተብሎ የተሠራ መቆጣጠሪያ ያስገባ፤ የሁለቱ የረድፍ ቁጥርና ዓይነት አንድ ይሁን። ሁለቱን በተከታታይ ማያያዝ ግን ቮልቱን ወደ 100 ስለሚወስደው የብስክሌቱን ኮንትሮለር ያቃጥላል፤ አይሞከርም።

ስለ ዓይነት ካነሳን አይቀር፣ ለቤት ሥራ የሚሻል ሊቲየም አለ፤ የብረት ፎስፌት የሚባለው። ታሪኩም የቴክሳስ ነው። ጆን ጉድኢናፍ ከዚህ በመኪና ሦስት ሰዓት በሚርቀው በኦስቲኑ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ ከተመራማሪዎቻቸው ጋር ይህን ቁስ ለዓለም ያሳወቁት በ1990ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በ97 ዓመታቸው ከስታንሊ ዊቲንግሃምና ከአኪራ ዮሺኖ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2023 በ100 ዓመታቸው አረፉ። ይህ ዓይነት ሴል ለተመሳሳይ ጉልበት ይከብዳል፤ ነገር ግን ሙቀትን የበለጠ ይታገሣል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ጨርሶ አይቃጠልም ማለት ግን አይደለም። አንዱ 3.2 ቮልት ስለሆነ 16 በተከታታይ ይሰለፋል፤ ሲሞላ 58.4 ቮልት ይደርሳል። ስለዚህ የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል፤ ከነባሩ ባለ 13 ረድፍ ባትሪ ጋር ጎን ለጎን አይያያዝም፤ በማቀያየር ብቻ ይሠራል፤ ኮንትሮለሩ 58.4 መቻሉም አስቀድሞ ይታይ።

ሦስተኛው ጉዳይ የት ያድራል የሚለው ነው። ሊቲየም ሙቀትም ብርድም አይወድም። የዳላስ ፎርት ወርዝ በጋ ደግሞ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የሙቀቱ ልክ ከ100 ዲግሪ ፋራናይት ያላነሰባቸው ቀኖች 71 ነበሩ። በእንዲህ ያለ ቀን የተዘጋ ጋራዥና የመኪና ግንድ ባትሪ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች አይደሉም። ከመንገድ የገባ ባትሪ እስኪበርድ ሳይጠብቁ ቻርጅ ላይ አይሰካም። ብርዱም እንደዚሁ ነው፤ የየካቲት 2021ን ውርጭ እዚህ የነበረ ሁሉ አይረሳውም። ውሃ በሚረጋበት ብርድ የሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ውስጡን ለዘለቄታው ይጎዳል፤ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ይሙቅ።

ቻርጀሩ ለባትሪው ቮልት የተሠራ ይሁን። ባትሪው መውጫ በር አጠገብ አይሰካ፤ እሳት ቢነሳ ቤተሰቡ የሚወጣው በዚያው ነውና። አልጋ ሥር፣ ሶፋ ላይ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ አይሰካ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ይሠራ እንደሆነ ዛሬውኑ ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት። ባትሪ ካበጠ፣ እንግዳ ሽታ ካመጣ፣ ፉጨት ካሰማ ለማጥፋት መታገል አይደለም፤ ጭሱም መርዛማ ነው። ልጆችን ይዞ መውጣት፣ በሩን ዘግቶ መሄድ፣ 911 መደወል ነው። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች «አማርኛ» የሚለውን ቃል መናገርና አድራሻቸውን በእንግሊዝኛ መጥራት ከወዲሁ አስጠኗቸው። የሞተ ባትሪ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይጣልም፤ የዳላስ ካውንቲ የቤት ኬሚካል መሰብሰቢያ ማዕከል አለ፣ ፎርት ወርዝም የራሱ አለው፤ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

ሕጉንም በአጭሩ እናንሳ። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሕግ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተር ከ750 ዋት ማነስ አለበት፤ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እስከ 20 ማይል፣ ሦስተኛው እስከ 28 ማይል በሰዓት ያግዛሉ። ባትሪ በመጨመር ርቀት ማራዘም ደረጃውን አይለውጥም፤ ቮልት ከፍ አድርጎ ፍጥነት መጨመር ግን ሊለውጠው ይችላል። ዩ.ኤል. 2271 የባትሪው፣ ዩ.ኤል. 2849 የብስክሌቱ ጠቅላላ የኤሌክትሪክ ሥርዓት የደኅንነት መለኪያዎች ናቸው፤ በቤት የተሠራ ባትሪ ይህ ምስክር የለውም። ስለዚህ አፓርታማ ተከራይ የሆነ ሰው የኪራይ ውሉንና የኢንሹራንሱን ወረቀት ሳያነብ አይጀምር። ቃጠሎ ቢነሳ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ የሚወሰነው በዚያ ወረቀት ላይ ነው።

አገር ቤት ዕቃ ለምትልኩም አንድ ማሳሰቢያ አለን። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ነገር ሁሉ ተፈላጊ ሆኗል። ለወንድም ለእህት ባትሪ በሻንጣ ልያዝ የሚል አይጠፋም። አይቻልም። ከ100 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ160 በላይ የሆነው በመንገደኛ አውሮፕላን በእጅም በሻንጣም አይሄድም። የብስክሌት ባትሪ 480 መሆኑን ቀደም ብለን አይተናል።

ለማጠቃለል፣ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እንመክራለን። መጀመሪያ ፍጥነት መቀነስ፣ ጎማ መንፋት፣ ሁለተኛ ቻርጀር መያዝ። ይህ ካልበቃ የብስክሌቱ አምራች የሚሸጠውን፣ የተፈተሸውን ሁለተኛ ባትሪ ገዝቶ ማቀያየር፤ የእጅ ሥራ የሚወድ ሰው ሳጥኑን፣ መያዣውንና መደርደሪያውን ራሱ ይሥራ። ከዚያም አልፎ ሴል መገጣጠም የፈለገ በአዲስ ሴል፣ በጠባቂ ሰሌዳና በፊውዝ፣ በሚያውቅ ሰው ፊት ይጀምር፤ የመጀመሪያዎቹን ቻርጆችም ከቤት ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ አጠገቡ ሆኖ ያድርግ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። በጥድፊያ የተጠቀለለ ባትሪ የሚፈታው ደግሞ ከላይኛው ፎቅ የጎረቤት ልጆች በተኙበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ቴስተሩን ከመደርደሪያ አውርዳችሁ፣ የሠራችሁትን ሁሉ ደግማችሁ ለኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።